ሪባኑ እስኪቆረጥ

እስከ ዛሬ አዲስ ሕንፃ በር ላይ ሪባን ተወጥሮ ሳይ ደሜ ይፈላል። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ልጆቼ "እማዬን ደግሞ ጀመራት" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እነሱ ሸዋ ሮቢት ላይ የኮሌጅ ላይብረሪ ቁልፍ በጋዋን ኪሳቸው ይዘው፣ ተማሪው ደጅ ቆሞ እያያቸው፣ ከወር በላይ አልዞሩም።

ጊዜው ግምገማ የሚባለው ነገር በየመሥሪያ ቤቱ የነገሠበት፣ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ጊዜ ነበር። እኔ የኮሌጁ ላይብረሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ላይብረሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ጠረጴዛ አስጠግቼ እቀመጣለሁ፤ ተማሪው መታወቂያውን ያስይዘኛል፣ እኔ መጽሐፉን አወጣለታለሁ። ማንበቢያ ክፍል ስለሌለን ውጭ ካሉት የኒም ዛፎች ሥር አግዳሚ ወንበር ደርድረን ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ውስጥ መቆም አይቻልም፤ እኔም ጠረጴዛዬን እየጎተትኩ ጥላ ፍለጋ እወጣለሁ። ቢሆንም ይሠራ ነበር። መጽሐፉ ጥቂት ነው፣ ግን እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ ተራ ይጠብቁና "አንቺ ጨርሰሽ የለም እንዴ!" እየተባባሉ ይነታረካሉ፣ በመጨረሻ ሁሉም ይደርሰዋል።

ከነዚያ አንባቢዎች አንዷ ከቀወት ቆላ የመጣች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በዕድሜ ከሌሎቹ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ሙስሊም ናት፤ ከመንደሯ እስከ አስፋልቱ በእግሯ ትመጣና ከዚያ ባጃጅ ትይዛለች። የእንስሳት ጤና ትምህርቷን ጨርሳ የቀራት ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ተፈትና በጽሑፉ ወድቃለች። በተግባሩማ ማን ችሏት! አስተማሪዎቹ ራሳቸው "እጇ ልዩ ነው" ይላሉ። የጎደላት ንባቡ ነው፤ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ልክ፣ ለጥጃ ስንት ለፍየል ስንት የሚለው ነገር። ለዚያ የሚሆን አረንጓዴ ልባስ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነበረን፤ ለኮሌጁ በሙሉ ሁለት ቅጂ። ያንን መጽሐፍ ይዛ ከኒሙ ሥር ስትቀመጥ ዝንብ እንኳ ሲያርፍባት አታባርርም።

የቸኮለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀበሌያቸው ውስጥ የእንስሳት ክሊኒክ ተሠርቶ ባለሙያ አጥቶ ተቆልፏል። ወረዳው ሲኦሲ ያለፈ ሰው እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ለጥፏል። በፊተኛው ዓመት የመንደሩ ፍየሎች እየሳሉ ሲያልቁ እሷ የበሽታውን ስም እያወቀች መርፌ ለመውጋት ፈቃድ አልነበራትም። "እትዬ፣ ስሙን እያወቅኩ ቆሜ ሳይ ሬሳ የምጠብቅ መሰለኝ" ብላኛለች። ባሏ ደግሞ "ይቺን ብቻ ሞክሪ፣ ከዚያ በቃ" ብሏታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማሾው የሚነቀልበት ወቅት አለ፣ ማሽላው አለ፣ ልጆቹን የሚይዙት እናቱ አርጅተዋል። አንድ ዕድል ነው የቀራት። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ አስተማሪዎቿ ያውቃሉ፣ የኮሌጁ ዲንም ያውቃል።

አዲሱ ላይብረሪ ከመጋዘናችን ፊት ለፊት ዓመታት ፈጅቶ ሲገነባ ኖረ። መሠረቱ ተቆፈረና ቆመ። ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ። ቀጥሎ ኮንትራክተሩ ራሱ ጠፋ ተባለ። የቆመው ብረት ዛገ፣ ፍየል ገብታ ወለደችበት። በኋላ ሌላ ኮንትራክተር መጣና ባለ አንድ ፎቅ አድርጎ አቆመው።

ዲዛይኑ ከላይ የመጣ ነው። ከላይ ማለት እንግዲህ ከደጋ ነው። ብርድ አገር ጋቢ ደርቦ የሳለው ሰው መሆን አለበት፤ ትልልቅ መስታወት፣ ያውም የማይከፈት፣ በምዕራብ በኩል ከዳር እስከ ዳር ደርድሮበታል። በረንዳ የለ፣ ጥላ የለ። አንድ ቀን መሐንዲሱን "ይኼ መስታወት አይከፈትም እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው "ስታንዳርዱ ነው" አለኝ። "ስታንዳርዱ ሸዋ ሮቢትን ረግጧታል?" አልኩት። ሳቀብኝ። ሳቅህ ይብዛ! ዛሬ ከቀትር በኋላ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ወደ ኒሙ ይመለሳል።

ይሁን፣ ያኔ ግን ደስ ብሎን ነበር፣ አልዋሽም። ዲኑ ሰብስቦን "የፊታችን ቅዳሜ ይመረቃል፤ የክብር እንግዳው ከበላይ ይመጣሉ" ሲል እኔም እልል ብያለሁ። "የክብር እንግዳው ባዶ መደርደሪያ ማየት የለባቸውም" ተባለና መጽሐፉ ሁሉ ከምረቃው በፊት እንዲገባ ታዘዘ። ተማሪዎቹ ከመጋዘኑ እስከ አዲሱ ሕንፃ ተሰልፈው በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ አሳለፉት። ያቺ ሴትም መሐል ቆማ ነበር፤ አረንጓዴው መጽሐፍ እጇ ላይ ሲደርስ ገለጥ አድርጋ አቧራውን እፍ ብላ አሳለፈችው። እኔ ውስጥ ሆኜ ደረደርኩ። ዲኑ መጣና "ወፋፍራሞቹን በመስታወቱ በኩል ያድርጓቸው፣ ከውጭ እንዲታዩ" አለኝ። አደረግኩ።

ከዚያ በሩ ተቆለፈ። ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው፣ ሴራሚኩ እንደተወለወለ። ቁልፉ አንድ ነበር፤ ለእኔ ተሰጠኝ፣ ትእዛዙም አብሮ። "እስኪመረቅ ድረስ ማንም አይገባም።" መጋዘኑን ደግሞ በነጋታው የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ አደረጉት። እንግዲህ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም ብለን ዝም አልን።

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተወጠረ፣ እንግዳው አልመጡም። አስቸኳይ ስብሰባ ገጥሟቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ድንኳን፣ እንደገና ሪባን። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። እኔ ግን ያን ዕለት ከደብረ ብርሃን የተነሳ አውቶቡስ እኩለ ቀን ላይ ገብቶ መንገደኛ ሲያራግፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ዋሻው ለአውቶቡስ ይከፈታል፣ ለክብር እንግዳ ይዘጋል፤ ወይ ጉድ!

የሲኦሲው ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሴትዮዋ መጣች። መጋዘኑ በር ላይ የድንኳን ምሰሶ ተደግፎ አይታ ደነገጠች።

"እትዬ፣ መጽሐፉን የት ላንብብ?"

"አዲሱ ቤት ነው ያለው። ትንሽ ታገሺ፣ ይመረቅና ትገቢያለሽ።"

"መቼ ይመረቃል?"

"ቅዳሜ" አልኳት። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አላውቅም።

ሄጄ ዲኑን አናገርኩት። በዚያ ሙቀት ሱፍ ለብሶ ነው የሚቀመጠው፣ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ፈተናው እንደደረሰ፣ ተማሪው የሚያነበው እንዳጣ፣ ቢያንስ ለተፈታኞቹ በሩን ልክፈት አልኩ።

"እትዬ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት" አለኝ። "ማዕድ ሳይባረክ ይቆረሳል እንዴ?"

"እኛ አገር ማዕድ የሚባርኩ ሽማግሌ ማዕዱ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ባራኪው እስኪመጣ ተብሎ ሳምንት ሙሉ ልጅ የሚራብበት ቤት አላየሁም።"

"ወለሉ ይቆሽሻል። ግድግዳው ገና ነጭ ነው።"

"እንግዲያው አንዲት መጽሐፍ፣ አረንጓዴዋን ብቻ ላውጣ። ኒሙ ሥር ያንብቧት።"

"መደርደሪያው ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል" አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ካልወጣ ለምን መጽሐፍ ሆነ? ጡብ ደርድረን ቀለም ብንቀባው አይሻልም ነበር?

አርብ ግምገማ ነበር። የማይታረም አፌን ይዤ ተነሳሁና ያንኑ ደገምኩት። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ዲኑ ብቻውን አይደለም፣ አጠገቡ ማስታወሻ የሚይዝ አለ። አንድ ቃል ስለ ላይብረሪው አልመለሱልኝም። የመለሱልኝ ስለ እኔ ነው። "የአመለካከት ችግር ነው።" "የበላይ አካልን ፕሮግራም ማጣጣል ነው።" ይባስ ብሎ አንዱ "ኪራይ ሰብሳቢነት" አለኝ። እኔ! ተማሪ ያንብብ ያልኩት ሴትዮ! ምን እንደሰበሰብኩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። የአንድ ለአምስት ጓደኞቼ ጫማቸውን ያያሉ። ቡና ላይ "ልክ ነሽ፣ እሳት ነሽ" ሲሉኝ የነበሩት ናቸው። ቃለ ጉባኤ ላይ ስሜ ተጻፈ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እኔ ያኔ ኮንትራት ነበርኩ። ቋሚ የምሆንበት ደብዳቤ ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነው። ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ከስብሰባው ስወጣ ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ሴትዮዋ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ወዴት ትሂድ? መጽሐፍ ቤት ቆላ የለም። አንድ ከሌላ ደብተር የተገለበጠ፣ ያም ራሱ ከሌላ የተገለበጠ ደብተር አግኝታ ኒሙ ሥር ታነባለች። ሲደክማት ተነስታ ወደ አዲሱ ሕንፃ ትሄዳለች። ሁለት መዳፏን ግንባሯ ላይ ጋርዳ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ታያለች። አረንጓዴው መጽሐፍ ከሷ አንድ ክንድ አይርቅም፣ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። እኔ ከሩቅ ሳያት ነገሩ ሁሉ ያቃጥለኛል፣ ጥበቃውን ሽማግሌ ያለ ጥፋታቸው እቆጣለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ልጆቼን እቆጣለሁ። የሚቆጡትን ሰው ሲፈሩት ሌላ የሚቆጡት ሰው ይገኛል።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ጠዋት በጣም በማለዳ ጠበቀችኝ። ጊቢው ውስጥ ከጥበቃው በቀር ሰው አልነበረም።

"እትዬ፣ ቁልፉ ከእርስዎ ጋር ነው ብለውኛል ጥበቃው።"

ዞሬ የተቆለፈውን በር አየሁ።

"አንድ ሰዓት ብቻ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እንደ መስጊድ። እግሬን ታጥቤ ነው የመጣሁት፣ ወለሉ አይቆሽሽም። ወንበሩም ላይ አልቀመጥም፣ ቆሜ ነው የማነብ። አንድ ምዕራፍ ናት የቀረችኝ እትዬ፣ የመድኃኒቱ ልክ ያለችበት። ደብተሩ ላይ ያለው አንዱ ካንዱ አይገጥምልኝም።"

እጄ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉን ይዤዋለሁ። የበሩ ርቀት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ዲኑ የሚገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጥበቃውም አይናገሩም፤ እንዲያውም ፊታቸውን ሆን ብለው ወደ አጥሩ አዙረውልናል።

"ምን ላድርግሽ እህቴ" አልኳት። "ተከልክያለሁ። የኔም እንጀራ ነው።"

አልለመነችኝም ከዚያ በኋላ። "እሺ እትዬ፣ አላህ ያግዘን" አለችና ደብተሯን ይዛ ወደ ኒሙ ሄደች። እኔ ባዶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና ዲኑን ስረግም ዋልኩ። በሆዴ ነው የረገምኩት፣ ለሰው በማይሰማ።

ፈተናው አለፈ። ውጤቱ ሲለጠፍ እኔም ሄጄ አየሁ። በእሷ ትይዩ "ገና ብቁ አልሆነችም" ይላል። የወደቀችው በዚያችው በጽሑፏ ነው። ጥያቄዎቹን አስተማሪዎቿ በኋላ ሲያወሩ ሰማሁ፤ የመድኃኒት ልክ በብዛት ወጥቷል፣ ደብተሩን ያነበቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ጽፈዋል። አንድ ዓይነት! ይህን ሰምቶ የማያብድ ሰው ካለ ጤነኛ አይደለም። የወረዳው ቦታ ከሌላ አገር ለመጣ ልጅ ተሰጠ። ልጁ ምን በደለ፣ ፈተናውን አልፏል፤ ቆላውን ግን አያውቀውም።

እንግዳው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ድንኳኑ ለሦስተኛ ጊዜ ተተከለ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ጭብጨባው ጊቢውን አናጋው። የወንበሮቹ ላስቲክ አልተላጠም፤ "ለሌላ ጊዜ ይቆይ" ተባለ። እንግዳው ገብተው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ኮታቸውን አወለቁ። "ትንሽ ይሞቃል" አሉ። ትንሽ!

ካሜራ የያዘው ሰው "አንባቢ ያስፈልገኛል፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል" አለ። ዲኑ ዓይኑን ሲያንከራትት በር ላይ አገኛት። ያቺን ሴት። ለምረቃው አልመጣችም፤ ክሊራንስ ልታስፈርም ነው የመጣች። ላይብረሪ መጠቀም እንዳትከለከል ብላ ክሊራንሷን ሆን ብላ አዘግይታው ነበር፤ አሁን ግን ምን ታደርግበታለች፣ ወረቀቷን አስፈርማ ወደ ቤቷ ልትገባ ነው። ዲኑ "ነይ፣ ነይ እህቴ" ብሎ በደስታ ተቀበላት። የገጠር እናት፣ ሻሿ በሥርዓት፣ ለካሜራ የምትሆን። ላስቲክ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀመጣት። "አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይምጣ!" አለኝ።

አረንጓዴውን እንድሰጣት ማንም አልነገረኝም። ለእጄ የቀረበው እሱ ስለሆነ አነሳሁትና ፊቷ አስቀመጥኩት። ማስቀመጥ አልነበረብኝም። ገለጠችው። ፈልጋ አይደለም፣ እጇ ራሱ ወደ ገጹ ሄደ፤ ሠንጠረዡ ላይ ጣቷን አሳርፋ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ አየኋት፣ አንዱ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። በከንፈሯ ቁጥሩን ደገመችው። ካሜራው ያነሳታል።

እንግዳው አጠገቧ ቆሙና "እህቴ፣ ቤተ መጻሕፍቱ እንዴት ነው? ይጠቅማችኋል?" አሏት።

ቀና አለች። "ያምራል ጌታዬ" አለች። "በጣም ያምራል። ከውጭም ያምራል፣ ብዙ ቀን ከውጭ አይቼዋለሁ።"

ተጨበጨበ። ዲኑ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። መሬት ውስጥ ብገባ ምኞቴ ነበር፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ብድግ ብዬ "አታጨብጭቡ! ይቺ ሴት በእናንተ ሪባን ነው የወደቀች!" ብል ኖሮ እያልኩ ስንት ዓመት በአልጋዬ ላይ ተናግሬዋለሁ። እዚያ ግን አልተናገርኩም። እኔም አጨበጨብኩ።

እንግዳው ሄዱ፣ ሰው ሁሉ ለምሳው ወደ ድንኳኑ ወጣ። እሷና እኔ ቀረን። መጽሐፉን ዘግታ በሁለት እጇ መለሰችልኝና ክሊራንሷን አወጣች። የላይብረሪው ሳጥን ላይ "ምንም ንብረት በእጇ የለም" ይላል። ፈረምኩ። ማኅተም ስመታ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ከዚያ አፌ አላስችል አለኝ። ብቻችንን ስንሆን እኮ ደፋር ነኝ። ዲኑን ጀመርኩላት፣ ሱፉን፣ "ጥርሱ የወለቀ አፍ" ማለቱን፣ ግምገማውን፣ ኪራይ ሰብሳቢ መባሌን፣ ስሜ መጻፉን፣ ያ የረባ መስኮት የማያውቅ መሐንዲስ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገርኳት። ድምፄ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ያስተጋባል። ስጨርስ አብራኝ እንድትረግማቸው ጠበቅኩ።

ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሻሿን አስተካከለች። ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ቢኖር እንዴት በወደድኩ።

"ወላሂ እትዬ" አለችኝ፣ "እኔ ብሆን እከፍትልዎት ነበር።"